አንድ ጋሻ የማትሞላው ሪቫ እና ሕዝቧ



ዛሬ ስለ አንዲት በጣም ትንሽ ቦታ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። እዚህ ሎዛን ከምትኖሩት ብዙዎቻችሁ በባቡር አልፋችኋታል። ወደ ቬቬ ስትጓዙ በቀኝ መስኮት የሌማን ሐይቅ፣ በግራ መስኮት ደግሞ እርከን በእርከን ወደ ሰማይ የሚወጣ የወይን እርሻ ይታያል። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጓዛችሁ በኋላ ባቡሩ ከሐይቁ ዳር ባለች አነስተኛ ጣቢያ ቆም ይላል፤ አንድ ሁለት ሰው ይወርዳል፣ ወይም ማንም አይወርድም፣ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። ያቺ ጣቢያ ሪቫ ናት።

ስፋቷ 0.31 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በሄክታር 31 መሆኑ ነው። አንድ ጋሻ መሬት 40 ሄክታር ገደማ መሆኑን የምታውቁ አባቶች ሒሳቡ ወዲያው ይገባችኋል፤ ሪቫ አንድ ጋሻ አትሞላም። ነዋሪዋም ወደ 350 ሰው ቢሆን ነው። የአንድ መካከለኛ እድር አባላት ከነቤተሰባቸው ከዚህ ይበልጣሉ። እንዲህም ሆና ግን ሪቫ የሌላ ከተማ ሰፈር አይደለችም። ራሷን የቻለች ኮሚውን ናት፤ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ በጀት፣ የራሷ ዓርማ አላት። በስዊዘርላንድ በስፋት እጅግ ትንንሽ ከሚባሉት ኮሚውኖች አንዷ ናት።

ኮሚውን የሚለውን ቃል እንዳለ የተውኩት ስላስቸገረኝ ነው። ቀበሌ ብንለው መጠኑን ይገልጻል፤ ሥልጣኑን ግን አይገልጽም። ማዘጋጃ ቤት ስንል ደግሞ ሕንፃውና ጽሕፈት ቤቱ ይታየናል እንጂ ሕዝቡ አይታየንም። የስዊስ ኮሚውን የገቢ ግብሩን መጠን ራሱ ይወስናል፤ መሬትና ደን ይኖረዋል፤ የግንባታ ፈቃድ ይሰጣል፤ ዜግነት እንኳ በመደበኛው መንገድ ያለ እርሱ ፈቃድ አይገኝም። አገሪቱ ውስጥ ዛሬ ከ2,100 በላይ ኮሚውኖች አሉ። ከሠላሳ ዓመት በፊት 3,000 ገደማ ነበሩ። የጠፉት በጦርነት ወይም በስደት አይደለም፤ ትንንሾቹ ሥራው ስለበዛባቸው፣ ምክር ቤት የሚገባላቸው ሰው ስላነሳቸው እየተዋሐዱ ነው። የሪቫ ጎረቤቶችም ኩሊ፣ ኤፔስ፣ ግራንቮ፣ ሪዬና ቪሌት በ2011 ተዋሕደው ቡር አን ላቮ የሚባል አንድ ኮሚውን ሆነዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ሪቫ ግን ለብቻዋ ቀርታለች።

ባለፈው መስከረም ከኩሊ ተነሥቼ በወይኑ መካከል በእግሬ ወደ ሪቫ ሄድኩ። የለቀማ ጊዜ ነበር። መንገዱን ስጨርስ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ፤ ዛሬ ማታ ይዤላችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። የዚች ቦታ ሕዝብ ማን ነው? በመዝገብ ያሉት 350ዎቹ ብቻ ናቸው? እኔ አይደሉም እላለሁ። ለምን እንደምል ላስረዳችሁ።

ከመሬቱ ልጀምር፤ ሰዉን ያሰባሰበው እርሱ ነውና። ከሎዛን መውጫ እስከ ቬቬ መዳረሻ ያለው ይህ ተዳፋት በጠቅላላው ላቮ ይባላል። ቁልቁለቱ እንዳለ ቢተው ኖሮ ፍየል እንጂ ገበሬ የሚውልበት አልነበረም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የሎዛን ጳጳስ መሬት የሰጣቸው የሲስተርሲያን መነኮሳት ዛሬ ዴዛሌ የሚባለውን ዳገት እየመነጠሩ ካብ መካብ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሥራው አልቆመም። ዛሬ በላቮ የሚገኘው የድንጋይ ካብ ቢቀጣጠል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ካቡ ከላይ የሚመጣውን አፈር ይይዛል፤ ውሃውን በተተወለት ቀዳዳ ያሳልፋል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ደግሞ ሌሊት ለወይኑ ይመልሳል። የአካባቢው ሰዎች ወይናችን ሦስት ፀሐይ አለው ይላሉ፤ አንዱ ከሰማይ፣ አንዱ ከሐይቁ የሚያንጸባርቀው፣ አንዱ ካቡ የሚተነፍሰው።

ሐይቁን ደግሞ በጣና መጠን ብታስቡት ጥሩ ነው። ጣና በስፋት ሌማንን አምስት ጊዜ ያህል ያጥፈዋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ሌማን 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ጥልቀቱ 310 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ውሃ በበጋ የሰበሰበውን ሙቀት ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፤ ለዚህ ነው በክረምት ከላይ ያሉት መንደሮች በረዶ ሲጋግርባቸው የሐይቁ ዳር ወይን የሚተርፈው። ሻስላ የሚባለው ነጭ የወይን ዘር እዚህ የከበረው ይህን ሙቀት አግኝቶ ነው።

ነገር ግን ሐይቁም ፀሐዩም ብቻቸውን ካብ አይክቡም። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ እያንሸራተተ ወደ እርከኑ ግርጌ ይወርዳል። ድሮ ገበሬዎቹ በየዓመቱ ያንን አፈር በቅርጫት በጀርባቸው አዝለው ወደ እርከኑ ራስ ይመልሱት ነበር። ይህን ሥራ በአእምሯችሁ ሳሉት። ዓመት በዓመት ያንኑ አፈር፣ ያንኑ ዳገት፣ በዚያው ጀርባ! ኮንሶን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የላቮ እርከን በ2007፣ የኮንሶ እርከን በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ ሁለቱም የገቡት ሰው በድንጋይ መሬትን ጠብቆ ስላቆየ ነው።

ሪቫ ውስጥ ከሐይቁ ዳር ግሌሮል የሚባል አሮጌ ግንብ አለ፤ የሎዛን ጳጳሳት ንብረት ነበር። ስለዚህ ግንብ ሲወራ የሰማሁትን ልንገራችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማማው የላይኛው ክፍል ፈርሷል አሉ፤ ምክንያቱ ደግሞ ጥላው ወይኑ ላይ እያረፈ ፍሬውን ስላዘገየው ነው። በሌላ አገር ለግንብ ሲባል እርሻ ይነሣል። እዚህ ለእርሻ ሲባል ግንብ ዝቅ ብሏል፤ ይህን ስሰማ የቦታውን ሰዎች ወደድኳቸው።

ስለ ቋንቋቸው በአጭሩ። እነዚህ ሰዎች ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፤ ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ከ1536 እስከ 1798 ድረስ ጀርመንኛ ተናጋሪዋ በርን ገዝታቸዋለች፤ ሃይማኖታቸውን ወደ ፕሮቴስታንት አዙራ፣ የገዳማቱን ወይን ወርሳ፣ ቋንቋቸውን ግን አልለወጠችውም። የቀድሞው የገበሬው አንደበት ፓቷ የሚባለው፣ ፍራንኮ ፕሮቫንሳል የሚሉት ነበር። እሱን ያዳከመው የውጭ ገዥ አይደለም። ሪቫ ያለችበት የቮ ካንቶን (ካንቶን ክልል እንደ ማለት ነው) ራሱን ችሎ በ1803 ከቆመ በኋላ፣ በ1806 የገዛ መንግሥቱ ፓቷን ከትምህርት ቤት ከለከለ። ልጆች በፈረንሳይኛ ተማሩ፣ አያቶች በፓቷ ሞቱ። ዛሬ የቀረው የቦታ ስም ላይ ነው፤ ሪቫ ስትጻፍ መጨረሻዋ ላይ ያለው የማይነበብ ፊደል ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ልጆቻችሁ አማርኛ ሰምተው በፈረንሳይኛ ለሚመልሱላችሁ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አንድ ሰው ወደ ሪቫ ቢዛወር በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ነዋሪዎች መዝገብ ክፍል ሄዶ ራሱን ያስመዘግባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። 350 የሚለው ቁጥር የሚገኘው ከዚህ መዝገብ ነው። ነገር ግን በዚች አገር ሁለተኛ አቆጣጠርም አለ። የስዊስ ፓስፖርት ያላችሁ አውጥታችሁ ተመልከቱ። እኛ በለመድነው ፓስፖርት የተወለዱበት ቦታ በሚጻፍበት ሥፍራ፣ እዚህ የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው፤ የዘር ምንጭ ኮሚውን። ሰውዬው ዙሪክ ተወልዶ፣ ጄኔቫ አድጎ፣ ባዝል እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ አያት ቅድመ አያቱ የሪቫ ተወላጅ ከሆኑ ግን ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ሪቫ ነው። አይቷት ባያውቅም ሪቫ ነው።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። «አገርህ የት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የአዲስ አበባ ልጅ «ቦሌ» ብሎ ቢመልስ፣ ጠያቂው «እሱማ፣ የአባትህን አገር ነው የጠየቅሁህ» ይለዋል። መንዝ ሳይረግጥ የመንዝ ሰው፣ ጎጃም ሳያይ የጎጃም ሰው የሆነ ስንት አለ! የስዊሶቹ ልዩነት ይህንን በሕግና በመዝገብ ማሰራቸው ነው። ነገሩ ደግሞ የስም ክብር ብቻ አልነበረም። ለረዥም ዘመን አንድ ሰው ሲደኸይ፣ ሲታመም፣ ሲያረጅ የመርዳት ግዴታ የወደቀው በሚኖርበት ቦታ ላይ ሳይሆን በዘር ምንጩ ኮሚውን ላይ ነበር። ስለዚህ ትንሽ መንደር ማንን «የእኛ ሰው» ብላ እንደምትቀበል በጣም ትጠነቀቅ ነበር። አዲስ ሰው መቀበል የወደፊት ጡረተኛ፣ የወደፊት ወላጅ አልባ ልጅ መቀበል ነበር። ርስት ከመብቱ ጋር ግዴታም እንደነበረበት አባቶቻችን ያውቃሉ፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ከእናንተ መካከል በመደበኛው መንገድ ዜግነት ያገኛችሁ አላችሁ። ጉዳዩ በሦስት ደረጃ እንዳለፈ ታስታውሳላችሁ፤ ኮሚውኑ፣ ካንቶኑና ፌዴሬሽኑ። ኮሚውኑ እሺ ካላለ ሌሎቹ ለብቻቸው አይሰጡም። ሲሰጣችሁም የዚያ ኮሚውን ስም የእናንተ የዘር ምንጭ ሆኖ ተጽፏል፤ ልጆቻችሁም የልጅ ልጆቻችሁም ይወርሱታል። ከደሴ ወይም ከጎንደር የመጣ ሰው የልጅ ልጅ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የት አገር እንደሚሆን እንጃ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የአንድ የቮ መንደር ስም ይዞ ይሄዳል። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። የመንደር ሕዝብ ቁጥር የሚበዛው በልደት ብቻ አይደለም፤ በመቀበልም ይበዛል።

አሁን ግን ወደማይመች ነገር ልምጣ፤ ሳልናገረው ባልፍ ይህ ንግግር ውሸት ይሆናል።

በላቮ ወይን መሬቱ ያለው ሰውና ወይኑን የሚያለማው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አልነበረም። የሎዛን ከተማ ራሷ በዴዛሌ የወይን እርሻ አላት። ባለቤቱ ከተማ ይኖራል፤ ወይኑን የሚገርዘው፣ የሚኮተኩተው፣ የሚያስረው ታሽሮን የሚባል የሙያ ሠራተኛ ነው። ቬቬ ያለው የወይን ገበሬዎች ማኅበር ለዘመናት የእነዚህን ታሽሮኖች ሥራ እየዞረ ይመረምራል፤ በሥራቸው የበለጡትን ይሸልማል። ፌት ደ ቪኝሮን የሚባለው ታላቅ በዓል የተወለደው ከዚህ ሽልማት ነው፤ የመጀመሪያው በ1797፣ የመጨረሻው በ2019 ተከብሯል። በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው። በ2019 ቬቬ ገበያ ሜዳ ላይ 20,000 ሰው የሚይዝ መድረክ ተሠርቶ ነበር። ሠራተኛ በአደባባይ ዘውድ የሚደፋበት በዓል በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም፤ ይህን ያሰቡትን ሰዎች አከብራለሁ።

ግን ዘውድ ያልደፉም አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንድ ግንባታ፣ ሆቴልና እርሻ የቆመው በወቅት ሠራተኞች ጉልበት ነው። ፈቃዳቸው ኤ የሚል ፊደል ነበረበት። በዓመት እስከ ዘጠኝ ወር ይሠራሉ፤ ከዚያ ወጥተው ይሄዳሉ፣ ሲፈለጉ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ጣሊያኖች፣ ቀጥሎ ስፔናውያን፣ ፖርቹጋሎች፣ ዩጎዝላቮች ነበሩ። ሥራ መቀየር አይፈቀድላቸውም። ሚስትና ልጅ ማምጣትም አይፈቀድላቸውም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ልጆቻቸውን አመጡ፤ አምጥተውም ደበቁ። ልጆቹ ቀን ቀን መጋረጃ ተዘግቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ መስኮት ሳይጠጉ ይውሉ ነበር። በፈረንሳይኛ የቁም ሣጥን ልጆች ይሏቸዋል። ዛሬ ያደጉት ስለዚያ ዘመን በአደባባይ ይናገራሉ፤ ሲናገሩም ያለቅሳሉ። ይህ ሥርዓት ያበቃው ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሰዎች ነፃ ዝውውር ስምምነት ሥራ ላይ ሲውል፣ በ2002 ነው። ሩቅ ታሪክ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች የመንደር ሕዝብ አልነበሩም? ካቡን ጠግነዋል፣ ወይኑን ለቅመዋል፣ መንገዱን አስፋልት አልብሰዋል። የዩኔስኮ ሰሌዳ ላይ የተመሰገነው ድንጋይ በእጃቸው አልፏል። መዝገቡ ግን ወቅታዊ ብሎ አለፋቸው፤ ልጆቻቸውን ደግሞ ጨርሶ አላያቸውም። መስከረም ላይ በወይኑ መካከል ሳልፍ ከእርከኑ ውስጥ ፖርቹጋልኛ ሰማሁ። አሁን በሕግ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ቆሜ ሰማኋቸው፤ ደስም አለኝ፣ ልቤም ከበደ።

ያልተቆጠሩት እንግዶቹ ብቻ አይደሉም። እስከ 1959 ድረስ በሪቫ የሴት ድምፅ አይቆጠርም ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት 1 ቀን የቮ ካንቶን ወንዶች ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጡ፤ በስዊዘርላንድ የመጀመሪያው ካንቶን ሆኑ። በፌዴራል ደረጃ ግን ሴቶች እስከ 1971 ድረስ ጠብቀዋል። ወይኑን ከወንዱ እኩል የለቀመች፣ ቅርጫቱን ያዘለች ሴት፣ ስለ መንደሯ ውሃና መንገድ አንድ ቃል ለማለት እስከዚያ ቀን ጠብቃለች።

ሌላም ሕዝብ አለ፤ ሪቫ የማይኖር፣ የሪቫም ዘር የሌለው፣ ግን ሪቫን ያተረፋት። በ1970ዎቹ ሐይቁ ዳር ያለው መሬት ከወይን ይልቅ ለቪላ ቤት የበለጠ ዋጋ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ፍራንስ ቬበር የሚባል፣ ባዝል ተወልዶ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ላቮ ይዳን ብሎ ፊርማ አሰባሰበ። በ1977 የካንቶኑ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ተቀበለው፤ በ2005ም እንደገና ተቀበለው። የላቮ ተዳፋት በካንቶኑ ሕገ መንግሥት ጥበቃ አገኘ። በ2014 ለሦስተኛ ጊዜ ይበልጥ ጥብቅ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ግን ሕዝቡ አልተቀበለውም፤ ለዘብ ያለውን የመንግሥት አማራጭ መረጠ። ወይን ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲህ ከታሰርን መጋዘን መሥራት፣ ጎጆ ማስፋት አንችልም ብለው ተቃውመው ነበር። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች ቬበር ትክክል ነበር እላለሁ፤ በሦስተኛው ደግሞ ገበሬዎቹ ትክክል ነበሩ። መሬትን ከነጋዴ መጠበቅና መሬትን ከሚሠራበት ሰው መጠበቅ የተለያየ ነገር ነው።

ይኸው ሰው በ2012 ሌላ ድምፅ አሸነፈ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ 50.6 ከመቶ አግኝቶ። በአንድ ኮሚውን ውስጥ ባለቤቱ የማይኖርበት ሁለተኛ ቤት ከጠቅላላው ቤት 20 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚል ሕግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መብራቱ የማይበራ ቤት መንደር አይደለም። ነገር ግን የሚኖርባቸው ቤቶችም ችግር አለባቸው። ሎዛን በባቡር ሩብ ሰዓት ሲሆን፣ ሐይቁና ተራራው ከመስኮት ሲታዩ፣ አዲስ ግንባታ ደግሞ በሕግ ሲገደብ፣ ያለው ቤት ይወደዳል። የወይን ገበሬ ልጅ ባደገበት መንደር ቤት ለመከራየት ከባንክ ሠራተኛ ጋር ይሻማል። ሻስላውም እንደ ድሮው አይሸጥም፤ ሰው ወይን ጠጅ መጠጣት ቀንሷል። ልጁ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ካቡን የሚጠብቅ ሕግ አለ። ካቡን የሚክበውን ሰው መንደሩ ውስጥ የሚያቆይ ግን እንዲያ የጠነከረ ሕግ አላየሁም። ይህ የላቮ ትልቁ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድንጋይ ከተበላሸ በአንድ ክረምት ይጠገናል፣ እጁ ከሄደ ግን ሙያውም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ትንሽ ቦታ በምን ቆመች? መልሱን ያገኘሁት በምክር ቤቷ አሠራር ነው። በቮ ካንቶን ሕዝባቸው 1,000 የማይሞላ ኮሚውኖች ኮንሴይ ጄኔራል የሚባል ሸንጎ ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህ ሸንጎ ምርጫ አይደረግም። መምረጥ የሚችል ነዋሪ ሁሉ ከፈለገ ይመጣል፤ እጁን አንሥቶ ይምላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባል ነው። በጀቱን ያያል፣ የውሃ ቧንቧውን ወጪ ይጠይቃል፣ ግብሩ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ብሎ እጁን ያወጣል። የዕለት ሥራውን የሚሠሩት ሙኒሲፓሊቴ የሚባሉ ጥቂት ተመራጮች ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ሳንዲክ ይባላል። ሳንዲኩ በቢሮ ብቻ የሚገኝ ሹም አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ ያለው ጎረቤት ነው። መንገድ ላይ አስቁመው የመብራቱ አምፖል ተቃጥሏል ይሉታል። እድራችሁን አስቡ። ሰብሳቢው ማን እንደሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ፣ ድንኳኑ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ያልመጣም ይቀጣል። ሪቫን የመሰለች ቦታ የቆመችው በዚህ መንገድ ነው። በመዝገብ መቆጠር አይበቃም፤ መጥቶ መማል ያስፈልጋል።

ይህ መሐላ ደግሞ ለስዊሶች ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ እናንተ ፊት ለመቆም የፈለግሁበት ምክንያት ይኸው ነው። በ2003 ሥራ ላይ የዋለው የቮ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጎች በኮሚውን ደረጃ እንዲመርጡና እንዲመረጡ ፈቅዷል። የሚጠየቀው በስዊዘርላንድ ቢያንስ አሥር ዓመት፣ ከዚያ ውስጥ በካንቶኑ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሕጋዊ ፈቃድ መኖር ነው። የቋንቋ ፈተና የለውም። ቀይ ፓስፖርት አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ዜጋ ሆናችሁ፣ የኤርትራ ዜጋ ሆናችሁ፣ በምትኖሩበት ኮሚውን ግን ሙሉ ድምፅ አላችሁ። ከዚህ ሐይቅ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጄኔቫ ላይ፣ ሰኔ 30 ቀን 1936 አንድ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በአማርኛ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ የሚሰማ ጠፍቶ ነበር። ዛሬ እዚያው ሐይቅ ዳር የእናንተ ድምፅ ይቆጠራል፤ በሕግ ይቆጠራል።

ብዙዎቻችን ግን አልተጠቀምንበትም። እኔም ስንት ዓመት የምርጫውን ፖስታ ሳልከፍት ጥዬዋለሁ። የስዊሶች ጉዳይ ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። የሪቫን እርከኖች በእግሬ ካየሁ በኋላ ግን ይህን ማለት አልቻልኩም። ያ ካብ የተካበው በተወላጁም፣ በመጤውም፣ ድምፅዋ ባልተቆጠረላት ሴትም፣ ልጁን በደበቀ ሠራተኛም ነው። ኮሚውኑ የእነርሱም ነበር፤ ዕድሉን ግን አልሰጧቸውም። ለእኛ ሰጥተውናል።

የኮሚውን ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል፤ በመካከል የሚመጡ የኮሚውን ሕዝበ ውሳኔዎችም አሉ። መብቱ ካላችሁ ወረቀቱ በፖስታ እስከ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። አሥር ዓመት ሞልቶኛል እያላችሁ ካልደረሳችሁ፣ ወደ ኮሚውናችሁ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በመራጮች መዝገብ ስሜ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፈረንሳይኛው የሚያስቸግራቸው እናቶች ካሉ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ አብራችሁ ተወያዩ። ሪቫን በመሰለ ትንሽ ኮሚውን የምትኖሩ ደግሞ የሸንጎውን ቀን ጠይቁና ሂዱ፤ እጃችሁን አንሥታችሁ ማሉ። ፖስታው ሲመጣ ከማስታወቂያው ጋር አትጣሉት። ክፈቱት፣ አንብቡት፣ ሞልታችሁ ፈርሙና ቀኑ ሳያልፍ መልሱት።